የወንድሞቼ መልእክተኛ

ጥቅምት 6፣ ረቡዕ

ዛሬም የግቢው በር። ችግኝ ሳጠጣ ገብረየስ ከደጃፉ ብቅ አለ። «እትዬ፣ ማታ አምሽቶ የሚገባው ሰውዬ መቀርቀሪያውን ይመልስ በይልኝ።»

ሰውዬው ታላቅ ወንድማችን ካሣዬ ነው። ቤቱ ፊት ለፊት፤ መሃላቸው ያለው የልብስ ማስጫ ገመድ ብቻ። ደጁ ላይ ጫማውን ይቦርሻል። አንድ ጆሮው ከዘመቻ ወዲህ አይሰማም፤ በሌላው ግን ሁሉንም ሰምቷል። ሆኖም እኔ እስክነግረው ጠበቀ። ነገርኩት።

«መቀርቀሪያውን ያዛገው እሱ ነው በይው።»

ገብረየስም ሰማ። እሱም እስክነግረው ጠበቀ።

ሠላሳ አራት ዓመት አስተምሬያለሁ። አንደኛ ክፍል ውስጥ እንኳ እንዲህ ያለ ልጅ አልገጠመኝም።

ጥቅምት 8፣ ዓርብ

ሐኒ፣ የገብረየስ ልጅ፣ እያፈረች መጣች። እሁድ ሽማግሌዎች ከተፍኪ ሊመጡ ነው። ልጁን አውቀዋለሁ፤ ማቲ ይባላል፣ ዓለም ገና ጋራዥ ይሠራል። ጨዋ ነው። ደስ አለኝ... ጥቂት ብቻ። ሽማግሌ ሲመጣ የቤቱ ታላቅ መቀመጥ አለበት። ታላቁ ካሣዬ!

«ይምጣ በይው» አለ ገብረየስ።

«በአፉ ይጥራኝ» አለ ካሣዬ።

ተመላለስኩ። ጉልበቴን አመመኝ።

ጥቅምት 10፣ እሁድ

መጡ። ኦቦ ጂሬኛ የሚባሉ አዛውንት ከፊት፣ ሁለት ሰዎች ከኋላ። አካም ቡልተኒ ተባባልን። ገብረየስ ብቻውን ነበር። ኦቦ ጂሬኛ ዙሪያውን ቃኙ።

«ታላቅ ወንድም አሉ ተብለን ነበር። አሟቸው ይሆን?»

ገብረየስ ወንበር አቀረበ። ከማዶ የካሣዬ መጋረጃ ሲንቀሳቀስ ይታየኛል።

«እንግዲህ የታላቅ ቃል ሳንሰማ ብንቀመጥ ነውር ነው። የዛሬ ሳምንት እንመለሳለን። ያን ቀንም ካጣናቸው፣ ቤቱ አልፈቀደም ብለን ለልጁ እንነግረዋለን።»

ሐኒ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። ሁለቱም ይሰማሉ። ሁለቱም ተቀምጠዋል!

ጥቅምት 11፣ ሰኞ

እስቲ በቅደም ተከተል ላስቀምጠው፣ ቢያንስ ለራሴ። በባድመው ጦርነት ካሣዬ ቀድሞ ዘመተ። ገብረየስ ተከተለው፤ ለምኖ እዚያው ሻለቃ ገባ። አንድ ቀን ካሣዬ ታናሹን ሳያማክር አዛዡ ፊት ቀረበ። «እናታችን ሁለታችንንም እንዳታጣ፣ እሱን ወደ ኋላ አውጡልኝ።» ገብረየስን ወጥ ቤት መደቡት። ብዙም ሳይቆይ የቀድሞ ጋንታው ኮረብታ ላይ አለቀ። አንድ ጓደኛ እንኳ አልተረፈለትም። ከዚያ ወዲህ ወንድሙን በቀጥታ አናግሮት አያውቅም።

«እኔ ድስት ሳማስል ሞቱ» ይላል አንዱ። «አተረፍኩት፣ ጠላኝ» ይላል ሌላው። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። የሐኒ ጥፋት ታዲያ ምንድን ነው?

ከሰዓት በኋላ ገመዱ ሥር ቆሜ ነገርኳቸው። «ከዛሬ ጀምሮ መልእክት አላደርስም። ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ከዚህም ጭምር።»

ጥቅምት 13፣ ረቡዕ

ዝምታ። በሩ እንደተከፈተ አደረ። ጅብ ቢገባ ማን ለማን ሊነግር ነው?

ጥቅምት 15፣ ዓርብ

ካሣዬ ኮቱን ይዞ መጣ። «ተኩሺልኝ።» ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ገብረየስ ከመስኮቱ ኮቱን አየ። አየና ዞረ። ልናገር ነበር... አፌን ያዝኩ። ክፍል ውስጥ ልጅ መልሱን እስኪያገኝ መጠበቅ ለምጃለሁ። እንዲህ የከበደኝ ቀን ግን የለም።

ጥቅምት 17፣ እሁድ

ካሣዬ ከማለዳ ጀምሮ ኮቱን ለብሶ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። ያልጠሩት ሰው! ሽማግሌዎቹ በሩ ላይ ሲደርሱ ሐኒ አባቷን አየችው። ገብረየስ ተነሣ። ገመዱን በእጁ ከፍ አድርጎ አለፈና ማዶ ደጃፍ ላይ ቆመ።

«ጋሼ፣ ሰዎቹ መጥተዋል።»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ና።»

ይኸው ነው። ለዚህ ነው ሃያ አምስት ዓመት!

ኦቦ ጂሬኛ ጥያቄውን አቀረቡ። ሁሉም ወደ ካሣዬ ዞረ። ኮቱን አስተካከለ።

«እኔ አንድ ጊዜ በሰው ሕይወት ላይ ሳልጠይቀው ወስኛለሁ። ሰውየው ይኸው አጠገቤ ነው። ሁለተኛ አልወስንም። ልጅቷን ጥሯትና ጠይቋት።»

እንዲህ ያለ ወግ የለም። አንዱ ሽማግሌ አጉረመረሙ። ኦቦ ጂሬኛ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ዱጋ ነው። እውነት ነው። ትጠራ።»

ሐኒ መጣች። በሹክሹክታ መለሰች። ካሣዬ በማይሰማው ጆሮው በኩል ነበረችና አልሰማትም፤ ዓይኑን ወደ እኔ ወረወረ። አልተነቃነቅኩም። ገብረየስ ጎንበስ አለና በደህናው ጆሮው በኩል ነገረው።

«እሺ ብላለች።»

ጥቅምት 20፣ ረቡዕ

ጠዋት ገብረየስ ብቅ አለ። «እትዬ፣ እባክሽ ያንን ሰውዬ...» ቀና ብዬ አየሁት። ወደ ማዶ ዞረ።

«ጋሼ! መቀርቀሪያውን መልስ እንጂ!»

«ያዛግከውን ነው የምመልሰው?»

እስከ ምሳ ተጨቃጨቁ። ከምሳ በኋላ ደግሞ ድንኳኑ የት ይተከል፣ የሠርጉን ወጥ ማን ይሥራ...

«እኔ ነኛ!» አለ ገብረየስ። «ወጥ ቤት ያስመደብከኝ ማን ሆነና!»

ካሣዬ ደነገጠ። ቀጥሎ ሳቀ። ገብረየስም።

ዝምታው ይሻል ነበር ልል ምንም አልቀረኝ። ራሴን አዙሮኛል። የልብስ ገመዱን ፈትቼ ጓሮ ወሰድኩት፤ ሲመላለሱ አንገታቸውን እየያዛቸው ነው።