ሳይጾሙ የተመዘኑ ዓሦች

ሰኞ፣ ጥቅምት 14 ቀን
ከኩሬው ዳር

ለምወድህም ለምቆጣህም ልጄ፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ ደህና ነን፤ እኔም፣ ውሾቹም፣ ያ አሮጌ የውሃ ፓምፕም። ፓምፑ እንደ አባትህ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሳያጉረመርም አይነሳም፤ ከተነሳ ግን ይሠራል።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። "እማዬ፣ ሐሙስ የዓሣ አርቢዎቹ ስብሰባ ላይ ምንም እንዳትናገሪ፣ በሞቴ" ብለሃል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መልሴ አንድ ነው፦ እናገራለሁ። ለምን እንደሆነ ቁጭ ብለህ ስማኝ።

ከሰባት ወር በፊት ፋብሪካችሁ አዲሱን መኖ ሲያወጣ፣ ቀመሩ ላይ ያንተ ፊርማ አለ ብዬ እንዴት እንደኮራሁ! የዓሣ ዱቄቱን አውጥታችሁ በአኩሪ አተር ተካችሁት። እሺ፣ አኩሪ አተር ምን ነውር አለበት? አንዱን ገንዳ በአዲሱ፣ አንዱን በድሮው መኖ መገብኩ። በወሩ ስመዝናቸው እኩል ሆኑ። "ልጄ የሠራው መኖ ከድሮው አያንስም" ብዬ ጻፍኩልህ። አንተ ለአለቆችህ አሳየሃቸው፤ እነሱ አትመው ለአርቢው ሁሉ በተኑት።

ስህተቱ የእኔ ነው። ዓሣ ከመመዘኑ በፊት አንድ ቀን ሙሉ መኖ እንደሚከለከል ያስተማርከኝ አንተ ነበርክ። እኔ ግን ጉጉት አላስችል ብሎኝ ጠዋት አብልቼ ከሰዓት መዘንኳቸው። የአዲሱ መኖ ዓሦች ከሌሎቹ አብልጠው በልተው ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተነፍቶ ነበር። የመዘንኩት ሥጋቸውን ሳይሆን ቁርሳቸውን ነው።

በሦስተኛው ወር አስጹሜ ስመዝን ጉዱ ወጣ። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። የድሮው መኖ ዓሣ ሁለት መቶ ግራም ሲሞላ፣ የአዲሱ መቶ ሠላሳ ላይ ቆሟል።

የተማሪነት ደብተርህን ከቁም ሳጥኑ አወጣሁት። አኩሪ አተር ውስጥ ሜቲዮኒን የሚባለው አሚኖ አሲድ እንደሚያንስ፣ ዓሣ ደግሞ እሱን ራሱ መሥራት ስለማይችል ከመኖው ካላገኘ ሌላው ቢትረፈረፍም እንደማያድግ በእጅህ ጽፈሃል። ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምረህበታል። ከቀጨጩት ግማሾቹን ወደ ሌላ ገንዳ ለይቼ፣ ሜቲዮኒኑን በዱቄት መልክ አስመጥቼ በልኬት እየጨመርኩ ያንኑ አዲሱን መኖ ሰጠኋቸው። በሁለት ወር ውስጥ እዚያው የቀሩትን ወንድሞቻቸውን ጥለዋቸው ሄዱ። አኩሪ አተሩ አልበደለም። የጎደለው አንድ ቁንጥር ነው። ቁንጥሩን ከቀመሩ ማን እንዳወጣው አልጠይቅህም፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ጎረቤታችንን አናጺውን ታውቀዋለህ። ጡረታ ሲወጣ አራት ኩሬ ቆፈረ። ትናንት አጥሩ ላይ ተደግፎ፣ "እህቴ፣ የእኔዎቹ ምነው አላድግ አሉ? እጄ ነው እንዴ? አንቺ የጻፍሽውን አይቼ እኮ ነው የገባሁበት" አለኝ።

"እጅህስ ደህና ነው" አልኩት። ሌላውን ሳልነግረው ወደ ቤቴ ገባሁ። በዕድሜዬ እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

"ሥራዬን ታሳጪኛለሽ" ብለሃል። ሊሆን ይችላል፤ እኔም ፈርቻለሁ፣ አልዋሽህም። ግን አለቆችህ እንዳይቀየሙ ብዬ አንድ ሽማግሌ የገዛ እጁን ሲጠራጠር ዝም ብዬ አላይም። ወረቀቱን በስሜ በትነውታል፤ በስሜ የወጣውን እኔው እመልሰዋለሁ። ይቆጡ! ሲበቃቸው ይተውታል። ከየገንዳው ዓሥር ዓሥር ዓሣ በበርሜል አስጭኜ፣ ሚዛኔን በብብቴ ይዤ ነው አዳራሹ የምገባው። ረቡዕ ሙሉ ቀን ይጾማሉ፤ አሁን አልሞኝም።

ቀመሩን ማን ፈረመው ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። "ልጄ ነው" እላለሁ፤ እንደዚያ ጊዜው በኩራት ባይሆንም አልክድህም። የሐሙሱ የጠዋት አውቶቡስ ስብሰባው ሳይጀመር ይደርሳል። ከፊት ወንበር፣ ከጎኔ ቦታ እይዛለሁ።

ፈጣሪ ወገብህን ያጽናው፣ አንደበትህን ይፍታው። በብርድ ካፖርትህን ሳትለብስ እንዳትወጣ።

እናትህ

ልጽፍልህ ብዬ የረሳሁት፦ ደብተርህን ይዤ እመጣለሁ። ያሰመርክበትን ገጽ ካልመጣህ እኔ አነበዋለሁ። ከመጣህ ግን አንተ አንብበው፤ ጽሕፈቱ ያንተ ነው።