የመጋቢቱ ስልክ

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ ለቶይቮ፤

ጤናህ እንዴት ነው? መረብ ስትጎትት የሚይዝህ ወገብህስ ተወህ ወይ? ባለቤትህ ካሪን እንዴት ናት? ልጃችሁ ኢነስ አደገች? የኮዲያክ ዝናብ ዘንድሮም አላባራ ብሎ ይሆናል። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስል ግን የደበቅሁህ ነገር አለ፤ ብዕር ያነሳሁትም እሱን ልነግርህ ነው።

ከተማችን ቢውት እንዳለች አለች። የድሮው ማዕድን ጉድጓድ ውሃ በየዓመቱ ከፍ እያለ ነው ይላሉ። እኔም ያው በትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ነኝ። በቀደም አንዱ ተማሪ ሳህኑን ይዞ ተመለሰና፣ "ሲግኔ፣ ሾርባው ውስጥ ዋኝቼ ወጣሁ፣ ድንች አላገኘሁም" ሲለኝ ሳቅሁ። ቤት ስገባ ግን የምነግረው ሰው አልነበረም።

ኤመት ጥሎኝ ሚዙላ ከገባ አምስት ዓመት ሆነው። "ለምን አትፋቱም? ምን ትጠብቂያለሽ?" ብለህ ጽፈህልኝ ነበር። መልሱ ያሳፍራል። እናንተ አላስካዎች የግዛት የገቢ ግብር ስለሌለባችሁ አይገባችሁም። እኛ የምንገብረው ለሁለት ጌታ ነው፤ ለፌዴራሉና ለሞንታና። ለአንዱ የከፈልከው ከሌላው ሒሳብ ላይ ይቀነሳል፤ አንዱ የመለሰልህን ደግሞ ሌላው ለከርሞ ገቢ ነው ብሎ ይቆጥርብሃል። ለዚህ ግን በግብር ቅጹ ላይ ወጪህን መዘርዘር አለብህ፤ አለበለዚያ ግብር ከሚታሰብበት ገቢህ ላይ መንግሥት የወሰነልህን ቁርጥ ተቀናሽ ትወስዳለህ። ገቢያቸውን ለየብቻ ከሚያስታውቁ ባልና ሚስት ደግሞ አንዱ ከዘረዘረ ሌላው ቁርጡን ይከለከላል። ስለዚህ ኤመት የግብሩ ቀን ሲቃረብ በየመጋቢቱ ይደውላል። "ሲጊ፣ የምከፍለው የቤቱ ዕዳ ወለድ አለ፤ እዘረዝራለሁ" ይለኛል። እጎዳለሁ፤ ግን "ዘርዝር" እለዋለሁ። ከዚያ ስለ በረዶው ትንሽ ያወራል። የምጠብቀው ያንን ነው።

ዘንድሮ ግን የቤቱ ዕዳ አልቆ የሚዘረዝረው ወለድ አልነበረውም። ሐሙስ ደወለና፣ "እፎይ፣ እንግዲህ ሁለታችንም ቁርጡን እንውሰድ። ከአሁን በኋላ መደዋወልም አያስፈልገንም" አለኝ፣ ምሥራች እንደሚያበስር ሰው።

እኔ ግን የምዘረዝረው ነበረኝ። ቶይቮ፣ አትደንግጥ። በነሐሴ ጡቴ ላይ የወጣ እብጠት አስወጥቻለሁ። ንጹሕ ነው ብለውኛል። ለማንም አልተናገርኩም። የሐኪም ቤቱ ወጪ ደመወዜን በልቶታል። ብዘረዝር ትንሽ ይካካስልኛል፤ እሱ ግን ቁርጡን ያጣል፣ ለምን እንደሆነም ማወቁ አይቀርም። ቁርጡን ብወስድ ማንም ሳያውቅ ያልፋል። ማንም ሳያውቅ።

"አለሽ?" አለኝ።

"እዘረዝራለሁ" አልኩት።

"ምን አለሽና ነው የምትዘረዝሪው? ድንች?" ብሎ ሳቀ። "ሐኪም ቤት" አልኩት። ቀጥሎ ከአፉ የወጣው፣ "እና የኔ ቁርጥ ሊቀር ነው?" የሚል ነበር። ስልኩን ዘጋሁበት። ወንበሩ ላይ ተቀምጬ እጄን አየሁ። የማን እጅ እንደሆነ ለአፍታ ጠፋኝ።

ጥቂት ቆይቶ መልሶ ደወለ። ምን ሆነሽ ነው አለኝ፤ ነገርኩት። ማን ወሰደሽ አለኝ። አውቶቡስ አልኩት። ማን መለሰሽ አለኝ። አውቶቡስ። "አንቺ ግትር!" ብሎ ጮኸ፤ ጩኸቱ ግን መሐል ላይ ተሰበረ። "በይ ዘርዝሪ። እኔም እዘረዝራለሁ፤ ከደመወዜ የተቆረጠውን የግዛት ግብር አቀርባለሁ፣ ሌላማ ምን አለኝ?" አለ። ያ ከቁርጡ እጅግ እንደሚያንስ ሁለታችንም እናውቃለን። ስንት እከስራለሁ ብሎ አልጠየቀኝም። ቀስ ብሎ፣ "አሁንስ ያምሻል?" አለኝ።

ወንድሜ፣ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ከነበረ ቆየ። "ዘንድሮ ለፌዴራሉ የምትጨምረው፣ ለከርሞ ከሞንታናው ላይ ይቀነስልሃል" አልኩት፤ ለዚያ ደግሞ ለከርሞም መዘርዘር፣ መደወልም አለበት።

ካሪንን ጉንጯን ሳምልኝ፤ ስለ እኔ እንዳትጨነቅም ንገራት። ለኢነስ አክስትሽ ሹራብ ጀምራልሻለች በላት፤ እጅጌው ቢረዝም ታድግበታለች። አማትህን ወይዘሮ ኦልጋን እጅ ነስቼአለሁ። ለአንተም ባሕሩ ይራራልህ።

እህትህ ሲግኔ
ቢውት፣ ሞንታና
መጋቢት 14 ቀን 1999 እ.ኤ.አ.