ሦስት ጥይት፣ አንድ ሳህን

ኦክቶበር 19
ገና በኦክቶበር በረዶ ጣለ። ከዱሉት ከተማ አንዲት አጭር ጠመንጃ ገዝቼ ገባሁ። ከሱቁ ርካሿ እሷ ነበረች። ሰደፏ ፕላስቲክ፣ በአንድ እጅ የምትነሳ። ትከሻዬ ኦፕራሲዮን ከተደረገ ወዲህ የአባባን ከባድ ጠመንጃ መሸከም አቅቶኛል… ወንድሜ ሬይኖ ኩሽና ገብቶ አያት።
«የመጫወቻሽ ባትሪስ የታል? ወይስ ለብቻው ነው የሚሸጠው?»
ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩት። እሱ ግን የአደን ካምፓችንን ሕግ አስታወሰኝ። የአጋዘን አደን ሊከፈት ሲል ባለው እሁድ፣ ጠጠር ማውጫው ጋ፣ መቶ እርምጃ ላይ የወረቀት ሳህን ይሰቀላል። ሦስት ጥይት ተኩሶ ሦስቱንም ሳህኑ ላይ ያላሳረፈ ጫካ አይወጣም፤ ካምፕ ቀርቶ ያበስላል። አባባ ያወጣው ሕግ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ምድጃ ጋ ቀርቼ አላውቅም። ዘንድሮስ?

ኦክቶበር 20
ማታ እንፋሎት መታጠቢያችን ውስጥ፣ ሳውናው ምድጃ አጠገብ ቁጭ ብዬ ጠመንጃዬን በዘይት አሸኋት። እንደ ሕፃን!

ኦክቶበር 22
ውርደት። ከጎረቤቴ ከዶሪስ ጋር ልሞክራት ሄድኩ። ብርዱ አፍንጫ ይቆርጣል። አነጣጠርኩ፣ ቃታ ሳብኩ… ቀጭ። ሌላ ጥይት… ቀጭ። ዘግይታ እንዳትተኩስ ትንሽ ጠብቀን ከፈትናት። ጥይቱ ጀርባ ላይ መምቻ መርፌዋ የተወችው የዝንብ እግር የምታህል ምልክት ብቻ።
«ምን አድርገሻት ነው?»
«በዘይት አሸኋት።»
«የት?»
«…ሳውናው ጋ።»
ዶሪስ በረዶው ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። እውነቷን ነው። ሙቀት ውስጥ አልቧት፣ ውጭ ላቧ በረዶ ሆነ፤ ዘይቱም እንደ ማር ረግቶ መርፌዋን ያዛት። በበረዶ ወራት ጠመንጃ ውጭ እንደሚያድር እዚህ አገር የማያውቅ አለ? እኔው ነኝ ለሰው የምመክረው! ፍቅር አሳወረኝ።

ኦክቶበር 23
ዘይቱን ጠራረግኩ። ደረቅ አደረግኳት። ከዛሬ ጀምሮ አዳሯ ማገዶ ቤት።

ኦክቶበር 29
ጮኸች! ብርዱ ካለፈው ሳምንት የባሰ ነው፤ አንዴም ቀጭ አላለች። መጀመሪያ ወደ ግራ እየሳተች ነበር፤ ማነጣጠሪያዋን አስተካከልን። በወፍራም ጓንት ቃታዋን ማግኘት ግን መከራ ነው።
«ትከሻሽስ?» አለች ዶሪስ።
አላመመኝም። አላመመኝም! እንባዬ መጣ… ከብርዱ ነው አልኳት።

ኖቬምበር 2
የሳህኑ ቀን። እኔ ቀደምኩ። ሦስቱም ገቡ፤ አንዷ ጠርዝ ላይ። ሬይኖ ሳህኑን ወደ ፀሐይ አንስቶ መረመረ።
«ይቺኛዋ ጠርዝ ናት።»
«ጠርዙስ ሳህን አይደለም?»
ከዚያ እሱ፣ በአባባ ጠመንጃ። ገና ሳይተኩስ ዓይኑን ሲጨፍን አየሁት። ሬይኖ! አንዷ ገባች። ሁለተኛዋ በረዶ መታች። ሦስተኛዋን ሳይተኩስ ጠመንጃውን አወረደና ትከሻውን ያዘ።
«ከመቼ ጀምሮ ነው?»
«ምኑ?»
«ወንድምዬ…»
«…ሁለተኛ ዓመቱ ነው።»
የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች! ልስቅ ነበር፤ ዕቃ እንደሰበረ ልጅ አንገቱን ደፍቶ ሳየው ግን አንጀቴን በላው።
«ሕግ ሕግ ነው። ድንቹን እኔ እልጣለሁ» አለ።
መጫወቻዬን ሰጠሁት። «እንካ፤ ባትሪዋ ሙሉ ነው።»
ሦስት ተኮሰ። ሦስቱም መሃል ለመሃል። ከእኔ በለጠ፣ የማይረባ!

ኖቬምበር 8
አደን ተከፈተ። አንድ ጠመንጃ ለሁለት ሰው። ጠዋት የሱ፣ ከሰዓት የኔ፤ ተረኛ ያልሆነው ያበስላል። የአባባ ጠመንጃ ካምፑ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ያየናል። አባባ ይቆጣን ይሆን? አይመስለኝም።
ሬይኖ ጺሙ በረዶ ሆኖ ባዶ እጁን ተመለሰ፤ ግን ወሬው አያልቅም። እኔም ከሰዓት ዛፍ ላይ ተቀምጬ አንዲት አጋዘን ከግልገሏ ጋር ስታልፍ አይቼ ተውኳት። ደስ አለኝ። እጄ እስኪደነዝዝ ተቀመጥኩ።
ሲመሽ የሾርባው ሽታ ከሩቅ ተቀበለኝ። አሳርሮታል። ጠመንጃዋን እንደያዝኩ ቸኩዬ በሩን ከፈትኩ፤ ሬይኖ ማማሰያውን እንደያዘ ዘሎ ተነሳ።
«ኧረ እንዳታስገቢያት! ዶሪስ ነግራኛለች፤ ሳውና ልታስገቢያት ነው ደግሞ?»
ከእጄ ተቀብሎ ጥይቷን አወጣና ራሱ ማገዶ ቤት ወሰዳት። በረዶውን ከጫማው እያራገፈ ተመለሰ።
«ብዪ፣ ቁጭ በይና ብዪ» አለኝ። «ጠመንጃችንን ደህና ቦታ አስቀምጫታለሁ።»
ጠመንጃችንን ነው ያለው። ሁለት ሳህን በላሁለት፣ ያረረውን ሾርባ።