መካከለኛዋ ሲሊንደር

መስከረም 14 ቀን 1993

ዝናብ። ጠዋት የወፍጮ ቤት ሞተር ፓምፕ አጥቤ ገጠምኩ። ከሰዓት በኋላ ሥራ የለም።

ነጂብ ሻይ ይዞልኝ መጣ። ያው ጎረቤቴ፣ መለዋወጫ ሻጩ። «ጋሽ ግዛቸው፣ አሁንስ ይረፉ እንጂ። ጋራዡን ለኔ ይልቀቁልኝ፣ ሱቄ ጠቦኛል» አለ። ሲጠይቀኝ ሦስተኛው ነው። ክፉ ልጅ አይደለም። ግን ለምን አሁን? ማን ነገረው?

ማንም አልነገረውም። የሚያውቅ የለም። ሃያ ሰባት ዓመት አብራኝ የኖረችው ላቀች እንኳ አታውቅም። ቀኝ ጆሮዬ ከፋሲካ ወዲህ ጭራሽ ተዘግቷል። ግራውም እየተከተለው ነው… የወፍጮ ሞተር ሠላሳ ዓመት ጮኾብኝ ሌላ ምን ልጠብቅ?

ቦንጋ ውስጥ ስሜ የተጠራው በጆሮዬ ነው። «ግዛቸው ሳይፈታ ሰምቶ ያውቃል» ነው የሚሉት። ካልሰማሁ ታዲያ ምንድን ነኝ?

መስከረም 19

ጡረተኛው አስተማሪ ጋሽ ባፈና ከማንኪራ አንድ ነገር በአይሱዙ አስጭነው መጡ። ሸራው ሲገለጥ ሞተር ሳይክል። የእንግሊዝ ሥራ። ሦስት ሲሊንደር ጎን ለጎን! በዕድሜዬ ሁለት ሲሊንደር አይቻለሁ፣ ሦስት ግን… በጃንሆይ ጊዜ መንገድ ከሚቀይስ እንግሊዛዊ የገዟት ናት። በ83 ወታደር እንዳይወስድባቸው የቡና ጎተራ ውስጥ ደበቋት፣ እዚያው ከረመች። መለዋወጫ የተቀመጠበት አንድ የቆርቆሮ ሳጥንም አላት።

የካንዴላዎቹ ቀዳዳና የጭስ መውጫዎቹ በሰም ተደፍነዋል። ልክ እንደ ማር ጋን አፍ! የማንኪራ ሰው ሰም የማያድነው ነገር ያለ አይመስለውም።

ሌላስ የት የት ሰም አድርገው ይሆን? ልጠይቃቸው አሰብኩና ተውኩት። እሳቸው ሲናገሩ ከንፈራቸው እንኳ አይንቀሳቀስም። «እ?» «እ?» ስል ልገኝ?

እዚህ ልጻፈው። ይቺን ካስነሣሁ ጋራዡ የኔ ነው። ካላስነሣሁ ቁልፉን ለነጂብ እሰጣለሁ። በቃ።

መስከረም 27

ፈታሁ። ፒስተኖቹ ተጣብቀው ነበር። ሦስት ቀን ናፍጣ አጠጥቼ፣ እንጨት አስደግፌ ቀስ እያልኩ መታኋቸው። ቀኝና ግራው ወጡ። መካከለኛዋ አልወጣ አለች። ቀንም ዋለች፣ ሌሊትም አደረች… ዛሬ ጠዋት እሺ አለች። እልኸኛ ናት። እኔም እልኸኛ ነኝ።

ብሮንዚናዎቹ ደህና ናቸው። ብሮንዚና ማለት ፒስተኑን የሚገፋው ክንድ ታችኛውን ዘንግ የሚያቅፍበት ስስ ብረት ነው። ለማን እንደማስረዳ እንጃ። ሲያረጅ ሰው ለራሱም ያስተምራል።

ጥቅምት 5

ዛሬም ፕላቲኒ፣ የካንዴላውን ብልጭታ የሚቆጣጠረው ንክኪ። ሦስት ፕላቲኒ! አንዱን ሳስተካክል ሌላው ይሳሳታል። እንግሊዞች ሥራ ፈትተው ነው እንዴ ይሄን የሠሩት?

ጥቅምት 8

ገጥሜ ጨረስኩ። ዘይቷ እንደ ሌላው ሞተር ከሥር አይቀመጥም፣ ለብቻው ታንክ አላት። አንዱ ቱቦ ይወስዳል፣ ሌላው በማቀዝቀዣዋ አሳልፎ ይመልሳል። ማቀዝቀዣዋን ከውጭ ጠራርጌ አሰርኳት። ዘይት ብቻ የሚያልፍባት ነገር ምን ትሆናለች።

ጥቅምት 9

ተነሣች!!

አሥራ አንድ ጊዜ ረገጥኳት። በአሥራ ሁለተኛው ጭስ ተፋች፣ ከዚያ ያዘች። የዘይት ታንኳን ከፍቼ አየሁ፣ ዘይቱ እየተመለሰ ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ሠራች። ድምጿን ከሩቅ እንደሚመጣ ነገር ሰማሁት። ይበቃኛል አልኩ። ነጂብ ከሱቁ ወጥቶ አጨበጨበ። ጋራዡን አጣህ፣ ልጄ!

ጥቅምት 10

ጠዋት ብርድ ነበር። በሦስተኛው ተነሣች። ነዳጅ ጨመርኩላት።

ላቀች ከጓሮ መጣች። የሆነ ነገር ትላለች። ግራ ጆሮዬን አዞርኩ። «ግዛቸው፣ የሚያንኳኳ ነገር አለ።»

«ምንም የለም።»

«መዶሻ ነው የሚመስለው። አጥፋው!»

«አንቺ ሽንኩርትሽን ላጪ!» አልኳት። ሰው ፊት። ነጂብ ቆሞ እያየ።

ደግሜ ነዳጅ ጨመርኩ። አላንኳኳም ብዬ እምላለሁ እኮ! ከዚያ ከእጄ ሥር ቀጥ አለች። ብትረግጣት ድንጋይ።

ጥቅምት 11

አልጻፍም።

ጥቅምት 12

ፈታኋት። የመካከለኛዋ ብሮንዚና ተበልቷል። ዘንጉ ተጭሯል። የዘይቷን ቀዳዳ በሽቦ ስጎረጉር ቢጫ ነገር ወጣ። በጣቴ አሸሁት። ሰም። ሲሞቅ ከዘይቱ ጋር ቀልጦ ዞሯል፣ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ጠባቧ ቀዳዳ ላይ ረጋ። ጠዋት መካከለኛዋ ያለ ዘይት ሠራች። እየጮኸች ሠራች። ላቀች ሰማቻት፣ ባለሙያው አልሰማም።

ማታ ራት ላይ ላቀች እንጀራውን ገፋ አድርጋልኝ ዞራ ተቀመጠች።

«አልሰማሁትም» አልኳት።

«እኔን መቼ ሰምተህ ታውቃለህ።»

«ላቀች… ጆሮዬ አይሰማም ነው የምልሽ። ቀኙ ሞቷል። ግራውም እየሞተ ነው።»

ከንፈሯን አየሁ፣ አይንቀሳቀስም። ከዚያ እንባዋ መጣ። ያዘነችልኝ መስሎኝ ነበር። ለካ ተናዳ ነው! «ስጠራህ ዝም ስትለኝ… ንቆኝ ነው፣ ሰለቸሁት እያልኩ ስንት ወር አለቀስኩ! ለእናቴ ልጅ ለበዛወርቅ እንኳ ነግሬያታለሁ፣ ግዛቸው ጠልቶኛል ብዬ!»

እኔ ስሜን ስጠብቅ ሚስቴ ማድ ቤት ታለቅሳለች። አፈርኩ። እጇን ያዝኩ። አልነጠቀችኝም።

ጥቅምት 14

በእግሬ ማንኪራ ወረድኩ። ጋሽ ባፈናን ቀፎ ሲያጥኑ አገኘኋቸው። ሳልቀመጥ ነገርኳቸው። ሞተሩን አበላሽቻለሁ፣ ሲያንኳኳ አልሰማሁም፣ ጆሮዬ አይሰማም። አንድ በአንድ።

ማጠኛውን መሬት ላይ አስቀመጡ። በእኚህ ሰውዬ ውስጥ እንዲህ ያለ ድምፅ አለ ብዬ አስቤ አላውቅም። «ታዲያ ለምን አልጠየቅከኝም!» ብለው ጮኹ። ጎረቤት ሁሉ ወጣ። «የዘይቱን ቱቦ፣ ማቀዝቀዣውን፣ ሁሉንም ውስጥ ውስጡን በቀለጠ ሰም አለቅልቄዋለሁ! ዝገት እንዳይበላው! ሰም ምን ያደርጋል? ማርን ስንት ዓመት ያቆያል!»

«ማር አይሽከረከርማ፣ ጋሽ ባፈና።»

ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ አጠገቤ ተቀምጠው በግራዬ በኩል ጠጋ አሉ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። አንተ ያንተን ደበቅክ፣ እኔ ሞተሬን ደበቅኩ። ተጋግዘን አበላሸናት።» ሳጥኑ ውስጥ ተለዋጭ ብሮንዚና አለ አሉኝ። አንድ ጥንድ። ይቺ ከተበላሸች ሌላ የለም።

ጥቅምት 20

ዘንጉን እየወለወልኩ ነው። ስስ የአሸዋ ወረቀት ዘይት ውስጥ ነክሬ፣ ሁለቱን ጫፍ ይዤ ወዲህ ወዲያ… እንደ ሊስትሮ። አምስት ቀን። ጥፍሬ እስኪያልቅ። ጭረቱ አሁን በጣት አይያዝም።

ጥቅምት 24

ቱቦውን፣ ማቀዝቀዣውን፣ ታንኩን፣ የዘይት መንገድ ያለበትን ሁሉ ግማሽ በርሜል ውኃ ውስጥ አፈላሁት። ላቀች እሳቱን ጠበቀች፣ ድስቷን ግን አልሰጠችም። ውኃው ሲበርድ ላዩ ላይ ሰሙ ቆዳ ሠራ። ገፍፌ ጨበጥኩት፣ ሙሉ ጭብጥ። ደግሜ አፈላሁ። ሦስተኛው ላይ ውኃው ንጹሕ ሆነ። አራተኛም አፈላሁ። አላምንም ከእንግዲህ።

ኅዳር 2

ተነሣች። ላቀችን በርጩማ ላይ አጠገቧ አስቀመጥኳት። ነጂብ ያያል፣ ይየው።

«ያንኳኳል?»

«አያንኳኳም። ግን ያነክሳል።»

የጭስ ቱቦዎቹ ላይ ውኃ በጣቴ ረጨሁ። ቀኙ ጠሽ ብሎ ተነነ፣ ግራውም። መካከለኛው ላይ ጠብታው ቁጭ አለ። ቀዝቃዛ! ነዳጁ አልነደደባትም ማለት ነው። ፕላቲኒዋን ከፈትኩ፣ ክፍተቷ የፀጉር ያህል ጠብባለች። አስተካከልኩ። አሁን ጠብታው ጠፋ።

ከዚያ ረጅሙን ካቻቢቴ አነሣሁ። ድሮ እጀታውን ጆሮዬ ላይ ነበር የማደርገው። ዛሬ ጫፉን ሞተሩ ላይ አድርጌ እጀታውን ነከስኩ። በጥርሴ መጣ! መንጋጋዬ ውስጥ፣ አጥንቴ ውስጥ… ሦስቱም፣ ተራ በተራ። ላቀች «ምን ሆነህ ነው?» ትላለች። አፌ ተይዟል፣ ዓይኔ ያለቅሳል።

ኅዳር 3

ሌሊቱን አልተኛሁም። ሰም ይረጋል ብዬ። ጎህ ሲቀድ ላቀችን ቀሰቀስኳት። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ረገጥኩ። ተነሣች።

ላቀች ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች። እኔ ካቻቢቴ ነክሻለሁ። ዘይቱ ታንኩ ውስጥ ይመለሳል። ሩብ ሰዓት። ግማሽ ሰዓት።

«ምንም የለም» አለች።

«አረጋግጠሽ ነው?»

«ሽንኩርት መላጥ ብቻ አይደለም የማውቀው!»

ይሄን መቼም አትረሳልኝም።

ኅዳር 9

ጋሽ ባፈና ትናንት በሞተሯ ሺሺንዳ ደርሰው ተመለሱ። ፊታቸው ጭቃ በጭቃ። በግራዬ በኩል ጠጋ ብለው «ከእንግሊዙ ጊዜ ይበልጣል» አሉኝ። ውሸታቸውን ነው። ደስ አለኝ።

ዛሬ ቆርቆሮ ቀብቼ በራሴ እጅ ጻፍኩና በሩ ላይ ሰቀልኩ፦ «ግዛቸው፣ ሞተር ጥገና። ባለሙያው ጆሮው አይሰማም። ጮኽ ብለው ይናገሩ።»

ነጂብ ሁለት ጊዜ አነበበው። «ጋሽ ግዛቸው፣ ይሄ ገበያ ያባርራል እኮ!»

«የሚባረረው ይባረር። ጋራዡን አለቅም።»

ራሱን ነቀነቀና የቆርቆሮውን ሚስማር አጠበቀልኝ።

ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው ከደካ ጄኔሬተር አሸክሞ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ጽሑፉን አነበበ። ጉሮሮውን ጠረገ። «ይነሣና ይጠፋብኛል!» ብሎ ሲጮህ ላቀች ምን መጣ ብላ ከጓሮ ሮጣ ወጣች።

«ሲሞቅ ነው ሲቀዘቅዝ?» ብዬ ጠየቅኩት።

«ሲሞቅ!»

ሰማሁት።