«የተኛ እባብ» ያልኩት ነገር

መቀሌ፣ ሰኞ ኅዳር ፲፭ ቀን ፲፱፻፴፬ ዓ.ም.

ባለፈው ሰኞ ገበያ ላይ አዋጁን ሳነብ፣ ጣልያን በቁሓ ማሳዎች ላይ ጥሎት የሄደውን ቦምብ ማንም እንዳይነካ ተናገርኩ። እንዳይረሱት ብዬም ከራሴ ጨመርኩበት፤ «የተኛ እባብ ነው!» አልኩ። ሰዉ ቃሉን እየተቀባበለ ሲስቅ ደስ አለኝ።

ዛሬ ገበሬው አቦይ ሐጎስ ገበያ መሀል አገኙኝ።

«ወደይ፣ ልጄ፣ እባብህን ማሳዬ ላይ አገኘሁት» አሉኝ።

«አልነኩትም አይደል?»

«እባብ በእጅ ይነካል እንዴ? በሩቁ በድንጋይ ወገርኩት እንጂ! አልሞተም መሰለኝ፣ ነገ ከልጆቼ ጋር እንጨርሰዋለን።»

እግራቸው ላይ ወድቄ ለመንኳቸው፤ እሺ አሉኝ። ግን ያን ቀን ቃሌን ይዞ ወደየቀዬው የሄደውን ሰው ሁሉ ማን ይመልስልኛል? ሌላ ምሳሌ ባስብ ባስብ አጣሁ። «የተኛ ሕፃን ነው» ብላቸው ደግሞ አንስተው ያቅፉታል።