ሰላይ ያልኳቸው ሽማግሌ

አርብ ገበያ፣ ቅዳሜ ጥር ፲፯ ቀን ፲፱፻፷፩ ዓ.ም.

ሰሞኑን አንድ የስለላ ልብ ወለድ ይዞኛል። አንዱ ሲያመልጥ ሌላው ሲያሳድድ ልቤ ድው ድው ይላል፤ ከክፍል ስወጣም መንገደኛው ሁሉ ምስጢር የያዘ ይመስለኛል።

ትናንት ገበያ ውስጥ አንድ የማላውቃቸው ሽማግሌ የሰው ፊት እያዩ ወረቀት ላይ ሲነድፉ አየሁ። ሮጬ ለፖሊስ «ሰላይ ነው» አልኩ። አሰሯቸው።

ዛሬ ጠዋት የደብሩ አለቃ መጥተው አስፈቷቸው። ለካ ቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ቅዱሳንን እንዲስሉ ከእስቴ የተጠሩ ሠዓሊ ኖረዋል። በብርድ ሲንቀጠቀጡ አይቼ ጋቢዬን አለበስኳቸው።

«እግዜር ይስጥህ ልጄ» አሉኝ፣ ፊቴን ትኩር ብለው እያዩ። «ከሐዋርያት አንዱን ባንተ መልክ እስለዋለሁ።»

አንገቴን ደፋሁ። ያሳሰርኩዎት እኔ ነኝ ማለት አቃተኝ።