በወንድሜ ቀብር ያለፍኩት ፈተና

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ዛሬ ታናሽ ወንድሜን ቀበርን። የሕይወት ታሪኩን ያነበብኩት እኔ ነኝ። በየወሩ አንድ አዲስ ችሎታ የምንፈተንበት ሥልጠና ገብቼ የለ? ያለፈው ወር ስታዲየም አካባቢ ዋና ተማርኩ፤ የዚህ ወር ሰው ፊት መናገር ነው። አሠልጣኙ እንዳለው ድምፄን ከፍ ዝቅ አደረግኩ፤ የእናታችን ስም ላይ ስደርስ ቆም አልኩ። ሰው ሁሉ ተንሰቀሰቀ። እኔ፣ እውነት ለመናገር፣ ደስ አለኝ።

ካዛንቺስ ድንኳኑ ጋ ስንመለስ ታላቅ እህቴ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች ጠጋ አለችኝ።

«ጎበዝ» አለችኝ። «አንዴም አልተደናቀፍክም። እሱ ቢሆን አንተን ቀብሮ አንድ መስመር ማንበብ አይችልም ነበር።»

ምቀኛ! በቃ፣ ሰው ሲሻሻል አትወድም።

የሥልጠናው ቴሌግራም ግሩፕ ላይ «ቀብር ላይ ተናግሬ አለፍኩ» ብዬ ጻፍኩ። ሁሉም አጨበጨቡልኝ። የማን ቀብር ነው ያለኝ ግን የለም።